የራሴ ጓሮ ቢኖረኝ ለምትሉ፦ ከናፍቆት እስከ መጀመሪያው ችግኝ

አያቴ ደሴ ከቤቷ ጀርባ ትንሽ ጓሮ ነበራት። ስፋቱ ከአንድ ክፍል አይበልጥም። አንድ የኮክ ዛፍ፣ ሁለት ጌሾ፣ አንድ መደብ ጎመን፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ጤና አዳም። ቡና ሲፈላ «ሂጂ እስቲ፣ ጤና አዳም ቀንጥሰሽ ነይ» ትለኛለች። ቀንጥሼ ስመለስ ጣቶቼ እስከ ማታ ይሸታሉ። ዛሬም ድረስ የሚናፍቀኝ ጓሮ ያ ነው።

አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ አምስት ቤት ተከራይቻለሁ። አንዱ ግቢ ውስጥ አስፈቅጄ ከአጥሩ ሥር ጎመን ዘርቼ ነበር። ለመቀንጠስ ሳምንት ሲቀረው ቦታው ለተጨማሪ ክፍል ተፈለገና አሸዋ ተደፋበት። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ያለኝን ሁሉ በቆርቆሮና በባልዲ መትከል ጀመርኩ። ቤት ስቀይር ተክሉም አብሮኝ ይጫናል። አሁን ስድስት ካሬ የምትሆን መሬት አግኝቻለሁ። ዛሬ መሬት ላይ ካሉት ተክሎቼ ግማሾቹ ከቆርቆሮ የወረዱ ናቸው።

ስለዚህ መሬት እስክታገኙ አትጠብቁ። ጓሮ ያላችሁም፣ በረንዳ ብቻ ያላችሁም የምትጀምሩት ከአንድ ቦታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ለአዲስ አበባና መሰል ደጋማ ከተሞች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ላይ ላላችሁ የተጻፈ ነው። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ የአፈሩንና የውሃውን ነገር ውሰዱ፤ የተክሎቹን ምርጫ ግን ለሙቀታችሁ ቀይሩት።

1. መጀመሪያ የናፈቃችሁን ጻፉ

ብዙ ሰው ቀጥታ ችግኝ ቤት ይሄዳል። እዚያ ሁሉም ነገር ያምራል። በሐምሌ አሥራ አራት ችግኝ ገዝቼ አውቃለሁ። እስከ ገና የቆዩት አራት ብቻ ነበሩ። ያልኖሩት መጥፎ ችግኞች ስለሆኑ አልነበረም። አንዳንዶቹ ፀሐይ አነሳቸው፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ከልቤ ስለማልፈልጋቸው ማጠጣት ረሳሁ።

ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ጓሮ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ሽታው ነው? ፍሬ መልቀም ነው? ጠዋት በመስኮት የሚታይ አበባ ነው? ሁለተኛ፣ ከጉሊት በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ የምትገዙት ቅጠል የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ በቀን ስንት ደቂቃ ልትሰጡት ትችላላችሁ? ለሦስተኛው የምትመኙትን ሳይሆን ያለፈውን ሳምንት አስታውሳችሁ መልሱ።

የኔ ዝርዝር ሃያ ተክል ነበር። ዛሬ ያሉኝ ሰባት ናቸው። ዝርዝሩን እናንተ ትጽፋላችሁ፤ የሚሰርዘው ግን ቦታው ነው። የሚቀጥሉት ሦስት ደረጃዎች የስረዛ ሥራ ናቸው። አትቸኩሉባቸው።

2. ፀሐይዋን ተከተሉ

ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ቤት በምትውሉበት ቀን፣ ጥቂት ጠጠር ሰብስቡ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጥላው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጠጠር አስቀምጡ። 6 ሰዓት ላይ ድገሙ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እንደገና። ማታ ላይ የትኛው ጥግ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እንዳገኘ፣ የትኛው ግማሽ ቀን ብቻ እንዳገኘ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

አንድ ቀን ግን አይበቃም። ይሄን እኔም ዘግይቼ ነው የተረዳሁት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አታልፍም። በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ትላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደንብ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው የግንብ አጥር በሰኔ እኩለ ቀን ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያው አጥር በታኅሣሥ እኩለ ቀን ወደ ሰሜን 1.6 ሜትር ያጠላል። መደባችሁ ከደቡብ አጥር ሥር ከሆነ፣ በክረምት ብርሃን የነበረው ቦታ በበጋ ከነጭራሹ ጥላ ይሆናል ማለት ነው። በበጋ ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጥላና ቅዝቃዜ ሲገናኙ ቲማቲም አያድግም።

የሰሜኑ አጥር ሥር ያለው ቦታ በተቃራኒው ወርቅ ነው። ግንቡ ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ሙቀቱን ይመልሳል። ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም የምታስቡ ከሆነ ያን ጥግ ለእነሱ ያዙ።

በደምሳሳው፣ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ ካለ ፍሬ የሚሰጥ ነገር ይሆናል። አራት ሰዓት ገደማ ካለ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይበቅላል። ከዚያ ካነሰ ናና ሞክሩ። ጽጌረዳ ግን አትሞክሩ፤ ቅጠል ብቻ ይሆንባችኋል።

3. አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት

ትንሽ አርጥባችሁ በመዳፋችሁ መካከል እንደ ገመድ አንከባሉት። ቀጭን ሆኖ፣ ሳይሰነጠቅ እንደ ቀለበት ከታጠፈ ሸክላነቱ ከባድ ነው። ጥቁር ከሆነ፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለውና በክረምት ጫማ ይዞ የሚያስቀር ከሆነ ዋልካ ነው። ዋልካ መጥፎ አፈር አይደለም። ችግሩ ውሃውን አለመልቀቁ ነው። ክረምት ላይ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ለማረጋገጥ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና ይስረግ። ድጋሚ ሙሉት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እዚያው ካለ መሬት ላይ አትትከሉ፤ መደቡን ከፍ አድርጉ። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደርድራችሁ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ብትሠሩ ችግሩ ይቃለላል። ቀይ አፈር ያላችሁ ውሃው አያስቸግራችሁም፤ ምግቡ ግን ያንሳል።

አዲስ የተሠራ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ሌላ ነገር አለ። ግቢው ላይ የሚታየው አፈር ብዙ ጊዜ ከላይ የተበተነ ነው። ሥሩ የሲሚንቶ ቁርጥራጭ፣ ጠጠር፣ ሚስማር ነው። አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ እዩ። ካለ አውጡት። አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን አንዴ ብቻ ነው።

ለሁለቱም አፈር መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ ፍግ። ከላይ አራት አምስት ጣት ውፍረት አድርጋችሁ አልብሱትና ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ፍጉ ትኩስ እንዳይሆን። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ጨብጣችሁ ስታሸቱት የእበት ሽታ ካለው ገና ነው። ከዝናብ በኋላ እንዳለ መሬት ከሸተተ ደርሷል። የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭና ደረቅ ቅጠል በአንድ ጥግ ከምሩ። ሲደርቅ ውሃ ርጩበት፣ በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። በጥቂት ወራት የራሳችሁ ኮምፖስት ይኖራችኋል።

4. ውሃውን በጀሪካን ቁጠሩ

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በሳምንት ከ20 እስከ 25 ሊትር ይፈልጋል። ይህ አንድ ጀሪካን ነው። ስድስት ካሬ ማለት በሳምንት ስድስት ጀሪካንና ከዚያ በላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ከየት ታመጣላችሁ? መልሱን ከማግኘታችሁ በፊት መደቡን አታስፉ።

ክረምቱ ይረዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 20 ካሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ ቀን 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ወደ 200 ሊትር ነው፤ አንድ በርሜል ሞላ ማለት ነው። አሸንዳው ሥር በርሜል አቁሙ። ትንኝ እንዳይራባ ክደኑት። አትክልትና ሩዝ የታጠበበትን ውሃም አትድፉ። ሳሙናና በረኪና ያለበትን ግን ለምትበሉት ቅጠል አትጠቀሙ። ከከተማው ወንዞች ውሃ ቀድታችሁም አታጠጡ። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። ቅጠል በላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ታጥቦ ይለቃል፤ በሥሩ የመጠጠውን ግን አይለቅም።

5. አሁን ምረጡ

ዝርዝራችሁን አውጡና ፀሐዩ፣ አፈሩና ውሃው ያልፈቀዱትን ሰርዙ። የቀረውን እንዲህ ተመልከቱት።

*ሽታ ያላቸው ይቅደሙ።* ለትንሽ ቦታ ከእነዚህ የሚበልጥ የለም። ትንሽ ቦታ ይበቃቸዋል፣ በየቀኑ ትቀነጥሳላችሁ። የመጀመሪያዬ ጤና አዳም ነው። ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ ሲበዛበት ይሞታል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲነካው ሊያቃጥል ስለሚችል ብዙ ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ። ነፍሰ ጡር ሴት ባትጠቀመው ይሻላል። የሥጋ መጥበሻ ደግሞ ድርቅ የሚችል ነው። አንዴ ከያዘ ብትረሱትም ይጠብቃችኋል። ጠጅ ሳር አንድ ቁጥቋጦ ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ለሻይም ለጉዝጓዝም። ናናን መሬት ላይ አትልቀቁት፤ መደቡን ሁሉ ይወርሰዋል። በባልዲ ይሁን። ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው፤ ብርዱን አይፈራም። ግን ውሃ የሚቋጥር አፈር አይስማማውም። ጠጠር ቀላቅሉለት።

በሶብላ ለብቻው ይነገር። ብርድ አይችልም። ዘሩ የሚዘራው ዝናቡ ሲጀምር ነው። በመስከረም ያብባል። ያኔ ቆርጣችሁ ጥላ ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ደርቆ ለበርበሬና ለሽሮ ይሆናል። አያቴ የበሶብላውን እቅፍ ጓዳ በር ላይ ትሰቅለው ነበር። በሩ ሲከፈት ቤቱ ሁሉ ይሸት ነበር። ያንን ለማግኘት አሥር ግንድ ይበቃል።

ግቢው ሰፋ ላለ ሰው ዳማከሴ አንድ ጥግ ላይ ይኑር። ምች መታኝ ያለ ጎረቤት ሁሉ የሚመጣው እናንተ ጋር ነው። ጌሾና ግራዋ ጠላ ለሚጠመቅበት ቤት እንጂ ለሁሉም አይደሉም። ካልተቆረጡ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሄዱ አጥር አድርጓቸው።

*የወጥ ቅጠል።* ሐበሻ ጎመን ለጀማሪ ትዕግሥተኛ ነው። ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው መቀንጠስ ይጀመራል። ከሥር ያሉትን ትላልቅ ቅጠሎች ብቻ ውሰዱ፣ ልቡን አትንኩ። እንዲህ ከተያዘ ወራት ያበላል። ቆስጣም በዚሁ መንገድ ነው። ሰላጣ ግማሽ ቀን ጥላ ይችላል፤ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሩ እንጂ በአንዴ አትዝሩ። ሁሉም በአንድ ቀን ይደርስና ትቸገራላችሁ።

ቲማቲም ብዙ ሰው የሚያዝንበት ነው። ሰው ሁሉ በክረምት ይተክለዋል፣ ውሃው ነጻ ስለሆነ። በክረምት ቅጠሉ ጠቁሮ የሚያረግፍ በሽታ አለ። እርጥበትና ቅዝቃዜ ይወዳል። ድንችንም ይመታል። ቲማቲም ከወደዳችሁ ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ሞቃቱ ግንብ ሥር ትከሉ። ውሃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አድርጉ። ሽንኩርትና ካሮት ለስድስት ካሬ አልመክርም። ወራት መሬት ይይዛሉ፣ ገበያም ላይ አይጠፉም።

*ፍሬ።* ትንሽ ጓሮ አንድ ዛፍ ነው የሚችለው። አንዱን በደንብ ምረጡ። ለደጋ ኮክ እወዳለሁ። ብርድ ለምዷል፣ በየዓመቱ እየቆረጣችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ልትይዙት ትችላላችሁ። ከቤትና ከአጥር ሦስት ሜትር አርቁት። ሎሚ ሞቃት ጥግ ካለ ይሆናል። ፖም ከፈለጋችሁ ሁለት ዓይነት ጎን ለጎን ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከሌላ ዝርያ ካልተዳቀሉ ፍሬ አይይዙም። የጨንቻ ፖም የታወቀው ደጋው ስለተስማማው ነው። ማንጎና ፓፓያ ለአርባ ምንጭና ለአዳማ ይሁኑ። አዲስ አበባ ላይ ችግኙን ገዝታችሁ ሙቀት ስትናፍቁለት ነው የምትኖሩት።

አቮካዶ ሁሉም ይመኛል። ጥላው ሰፊ ነው፤ ለስድስት ካሬ አይሆንም። ቦታ ካላችሁ ግን ከፍሬ ያበቀላችሁትን አትትከሉ። ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፣ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። «የተዳቀለ» የሚባለውን ግዙ። ይህ የጥሩ ዛፍ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጣበቀበት ነው። ግንዱ ላይ ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ብሎ የመጋጠሚያ ጠባሳ ይታያል። ጠባሳውን ሳያሳዩዋችሁ አትክፈሉ።

*አበባ።* ሆለታና ሰበታ ላይ የጽጌረዳ እርሻ የበዛው ያለምክንያት አይደለም። ቀኑ ብርሃን፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የኛም ግቢ ለጽጌረዳ ይመቻል። አደይ አበባንም አትርሱ። ዘሩ ሲደርቅ ልቀሙና አስቀምጡ፤ በሰኔ መግቢያ ጥግ ላይ በትኑት። በመስከረም በራችሁ ላይ የራሳችሁ እንቁጣጣሽ ይሆናል። አገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ በቁሙ ማየት የሚፈልግ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይሂድ። ሙሉ መጠኑን አይቶ መመለስ ይጠቅማል። ኮሶ በፕላስቲክ ውስጥ ስንዝር ነው፤ ሲያድግ ግን ትልቅ ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ አጥር ሥር አትትከሉ። ፊከስም እንደዚያው። ሥራቸው ቱቦና ግንብ ፍለጋ ይሄዳል፤ ውሃችሁንም ይጠጡታል።

6. ችግኝ ስትገዙ

ረጅሙን ሳይሆን ወፈር ያለውን አንሱ። ፕላስቲኩን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ሥር ከታች ወጥቶ ከተጠመጠመ እዚያ ውስጥ ከርሟል ማለት ነው፤ ተዉት። ቅጠሉን ገልብጡ፣ ከጀርባው ነው ተባይ የሚደበቀው። ያበበውን አትምረጡ። አበባው ዓይን ይስባል እንጂ ተክሉ ጉልበቱን ጨርሷል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ችግኝ በላይ አትግዙ። ሦስቱ ከያዙላችሁ በሚቀጥለው ወር ተመለሱ።

7. መትከል

ለዛፍ ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍሩ፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር። የላዩን አፈር በአንድ ጎን፣ የታቹን በሌላ ጎን አስቀምጡ። ስትተክሉ ከፍግ ጋር የተቀላቀለው የላዩ አፈር ወደ ሥሩ ይግባ። የሚተከለው ዝናቡ መሬቱን ካረሰረሰው በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ወደ ማታ ትከሉ። ፕላስቲኩን ቅደዱ። ከነፕላስቲኩ ተተክሎ ያየሁት ችግኝ ብዙ ነው። ችግኙ ፕላስቲክ ውስጥ በነበረበት ልክ ይቀበር። አንገቱን አትቅበሩት። የተዳቀለ ከሆነ ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን።

መስከረም መጨረሻ ላይ አፈሩ እርጥብ ሳለ ሥሩን በደረቅ ሳር ሸፍኑ። ግንዱን ግን አታስነኩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቲማቲምና ቃሪያውን በጆንያ አልብሱ፣ ጠዋት ግለጡ።

በረንዳ ብቻ ያላችሁ የ20 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱን ቆርጣችሁ ተጠቀሙ። ታቹን አራት አምስት ቦታ ብሱት። እርጥብ አፈር የሞላ አንድ ጀሪካን 30 ኪሎ ያህል ይመዝናልና በረንዳው ጠርዝ ላይ አትደርድሩ፤ ወደ ግድግዳው አስጠጉ። መከላከያው ላይም አታንጠልጥሉ፣ ታች ልጆች ይጫወታሉ። ባልዲ ውስጥ ያለ ተክል ቶሎ ይጠማል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

ባለፈው ሰሞን የታችኛዋ ጎረቤቴ በሩን አንኳኩተው «ልጄ፣ ጤና አዳም አለሽ አሉ። ቡና አቅርቤ ነበር» አሉኝ። ቀንጥሼ ሰጠኋቸው። በነጋታው ደግሞ ሙሉ ቀንበጥ ወሰድኩላቸው። ሲጠይቋችሁ እንዲህ አድርጉ። ያላበበ ጤነኛ ቀንበጥ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ። አሸዋ የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር በቆርቆሮ አዘጋጅታችሁ ግማሹን ቅበሩት። ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ አፈሩ እንዳይደርቅ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ሳብ ስታደርጉት ከያዛችሁ ሥር አውጥቷል። የእሳቸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ጫፉ ላይ ትንሽ አዲስ ቅጠል ብቅ ብላለች።